ባትሪ ማቀያየር ኃይል አይወልድም

ባለፈው ሳምንት ማታ የጎረቤቴ ልጅ በር አንኳኳ። በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ፌስታል ይዟል። ፌስታሉ ሊቀደድ ደርሷል። ውስጡ አራት የዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተር የሚያቆይ ዕቃ) ባትሪዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 7 አምፔር-ሰዓት። «ጋሼ፣ ይሄን ጽሑፍ አይተውታል?» አለኝ። ባትሪዎቹን የገዛው ለወራት ካጠራቀመው ገንዘብ ነው። ሪሌዮቹን (በጥቅልል ሽቦ፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ማብሪያዎችን) ደግሞ በማግስቱ ሊገዛ ነበር።

ጽሑፉን በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ደገምኩት። ባጭሩ እንዲህ ይላል። አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ውሰዱ። ሁለቱን በሲሪየስ (አንዱን ከሌላው አስከትላችሁ፣ ቮልቱ እንዲደመር)፣ ሁለቱን በፓራለል (ጎን ለጎን፣ ቮልቱ ሳይጨምር) እሰሩ። አምፖሉን በሁለቱ ጥንዶች መሃል አስገቡ። በየጥቂት ሰከንዱ በስድስት ሪሌይ ቦታ አቀያይሯቸው። ሁለቱ ሲሰጡ ሁለቱ ይቀበላሉ፣ ስለዚህ ባትሪው አያልቅም። ጸሐፊው አራት ባለ 60 አምፔር-ሰዓት የመኪና ባትሪ ይዘው ባለ 5 ዋት አምፖል ሦስት ቀን ሙሉ እንዳበሩ፣ ቮልቱም «ምንም ያህል እንዳልወረደ» ይናገራሉ። ሪሌዩ ሲቀያየር የሚታየው ሹል ቮልቴጅ ከአካባቢው አየር የሚገባ ኃይል ነው ይላሉ። ፈጠራው የኒኮላ ቴስላ ነው፣ የነዳጅ ነጋዴዎች ደብቀውት ነው ይላሉ። በመጨረሻም አንባቢው ዛሬ ነገ ሳይል ገዝቶ እንዲሠራው ይመክራሉ።

እኔ ዩፒኤስና ኢንቨርተር እየጠገንኩ ነው የምተዳደረው። ይህን ምላሽ የምጽፈው ጸሐፊውን ለማሳጣት አይደለም። ከልባቸው እንደሚጽፉ ያስታውቃል፤ ሽቦም የሚያውቁ ሰው ናቸው። ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ሰርኪዩት የሚሞክር ሰው እኔ የማከብረው ሰው ነው። ግን የጻፉት ነገር ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ የወጣት ገንዘብ ይበላል፣ እጅም ያቃጥላል።

«ሁለቱ ሲሰጡ ሁለቱ ይቀበላሉ» ከሚለው ልጀምር። የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነው። ማሽን አያስፈልገንም፤ እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃል።

አምፖሉ 1 አምፔር ይስባል እንበል። ለአንድ ሰዓት በራ። በሲሪየስ በታሰሩት ሁለት ባትሪዎች ውስጥ የሚያልፈው ያው አንድ ከረንት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው 1 አምፔር-ሰዓት (1 አምፔር ለአንድ ሰዓት ማለት ነው) ያጣል፣ ሁለተኛውም 1 ያጣል። በድምሩ 2 ወጣ። ያ ከረንት አምፖሉን አልፎ በፓራለል የታሰሩት ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ግማሽ ያገኛል፣ ሌላውም ግማሽ። በድምሩ 1 ገባ። 2 ወጥቶ 1 ገባ ማለት 1 ጎደለ ማለት ነው። 1 አምፔር-ሰዓት በ12 ቮልት 12 ዋት-ሰዓት ነው። አምፖሉስ ስንት በላ? በአንድ በኩል 24 ቮልት፣ በሌላው በኩል 12 ቮልት አለ፤ አምፖሉ ላይ የሚያርፈው ልዩነቱ 12 ቮልት ነው። በ1 አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲሰላ 12 ዋት-ሰዓት። የጎደለውና የተበላው ልክ ለልክ ነው።

አሁን ተራ ይቀያየሩ። እያንዳንዱ ባትሪ ግማሹን ጊዜ በሰዓት 1 እያጣ፣ ግማሹን ጊዜ በሰዓት ግማሽ እያገኘ ይቆያል። ሲቻቻል በአማካይ በሰዓት ሩብ አምፔር-ሰዓት ያጣል። ሪሌዮቹን ሁሉ አውጥታችሁ አራቱን ባትሪ በፓራለል ብታስሩና አምፖሉን ቀጥታ ብታገናኙበትስ? 1 አምፔር ለአራት ሲካፈል ሩብ ነው። አንድ ዓይነት! ያ ሁሉ ሽቦና ያ ሁሉ ድካም የሚያደርሰን አራት ባትሪ አንድ ላይ አስሮ አምፖል ማብራት ጋ ነው።

ዕቁብ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ የሚከብድ ነገር አይደለም። አራት ጓደኛሞች ዕቁብ ገቡ። ገንዘቡ በየሳምንቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዕጣ የደረሰው ኪሱ ይሞላል፣ ደስ ይለዋል። ግን በአራቱ ቤት ያለው ድምር አንድ ብር አልጨመረም። አሁን አንድ አምስተኛ ሰው መሃል ተቀምጦ በየዙሩ እየቆነጠረ ይውሰድ። አምፖሉ እሱ ነው። ዕጣውን በሳምንት አንዴ አውጡት፣ በየሰከንዱ አውጡት፣ አምስተኛው ሰው የሚወስደው ከአራቱ ኪስ ነው።

ይሄ እንግዲህ ምንም ነገር ሳይባክን ነው። በእውኑ ባትሪ ላይ ሒሳቡ ይብሳል። የእርሳስ ባትሪ ሲሰጥ 12 ቮልትና ትንሽ ፈሪ ላይ ሆኖ ይሰጣል። በደንብ እንዲቀበል ግን 13 ተኩል እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በመሃል ያለው ልዩነት ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ካስገባንበት ኃይል መልሶ የሚሰጠን እንደ ሁኔታው ከ70 እስከ 85 በመቶ ቢሆን ነው። እዚህ ሰርኪዩት ውስጥ ባትሪው ያለማቋረጥ ይሰጣል፣ ይቀበላል። ባቀያየርነው ቁጥር ከዚያ ኪሳራ አንድ ቁራጭ እንከፍላለን።

ሪሌዮቹም በነፃ አይሠሩም። ተራ የመኪና ሪሌይ ጥቅልሉ ወደ 85 ኦም ነው። በ12 ቮልት 0.14 አምፔር ይስባል፣ ወደ 1.7 ዋት ማለት ነው። ስድስቱ ሲበሩ 10 ዋት። ግማሹን ጊዜ ብቻ ቢበሩ እንኳን በአማካይ 5 ዋት ይበላሉ፤ ጸሐፊው ካበሩት አምፖል እኩል። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ? ጽሑፉ ውስጥ ተደብቆ አንድ አረፍተ ነገር አለ፦ «ሪሌዮቹን የሚያዝዘው ክፍል በትንሽ የጎን ባትሪ ይሠራል፣ እሱን ማታ ማታ ቻርጅ አደርገዋለሁ»። ይህን ሳነብ ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። እሱም አልፎት ነበር። አምስተኛ ባትሪ አለ ማለት ነው፣ እሱም ከግድግዳ እየተሞላ! ሪሌዮቹ የበሉት በሙሉ ከሒሳቡ ውጪ ነው የተያዘው።

«ሦስት ቀን በርቶ ቮልቱ አልወረደም» የሚለውን ብዙ ሰው የሚያምነው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በዓይን የታየ ነገር ነው። ጸሐፊው ዋሹ አልልም። ያዩትን ነው የጻፉት። ግን እስቲ እናስላው። አራት ባለ 60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በድምሩ 240 አምፔር-ሰዓት ይዟል። ባለ 5 ዋት አምፖል የሚስበው 0.42 አምፔር ገደማ ነው። 240ን ለዚህ ስናካፍለው 570 ሰዓት ግድም፣ ወደ 24 ቀን ይሆናል። ባትሪዎቹ አዲስ ከሆኑ ያለ ምንም ሪሌይ ያን አምፖል ከሦስት ሳምንት በላይ ያበሩታል። በሦስት ቀን የወጣው 30 አምፔር-ሰዓት ብቻ ነው፣ ከስምንት አንድ እጅ። ከሙሉ ጎተራ አንድ ሁለት ቁና ተዝቆ በር ላይ ለቆመ ሰው ምን ይታየዋል?

ቮልቱም ቢሆን ለዚህ ዓይነት ሥራ ክፉ ምስክር ነው። ያረፈ የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.7 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ግማሽ ሲሆን 12.2። ግማሹ ይዘት ሄዶ በቴስተሩ (በቮልት መለኪያው) ላይ የሚለወጠው ግማሽ ቮልት ብቻ ነው። ከስምንት አንድ እጅ ሲሄድ ለውጡ አንድ አሥረኛ ቮልት ግድም ይሆናል። የክፍሉ ሙቀት ለውጥና የቴስተሩ ስህተት ተደምረው ይህን ሊሸፍኑት ይችላሉ።

ጸሐፊው ደግሞ «አምፖሉን አጥፍቼ ባድር ጠዋት ቮልቱ ከፍ ብሎ አገኘሁት» ይላሉ። አዎ፣ ከፍ ይላል። ጠዋት አልነሳ ያለ መኪና ያለው ሰው ያውቀዋል። ባትሪው ደክሞ ዝም ይላል፣ ሩብ ሰዓት አሳርፈውት ሲሞክሩት አንዴ ይዞራል። ሌሊቱን ማንም ምንም አልጨመረበትም። ባትሪው ሲሠራ ከብረቱ ወለል አጠገብ ያለው አሲድ ይሳሳል፤ ሲያርፍ ከሌላው ቦታ ያለው ወደዚያ ይደርሳል። የነበረው ተስተካከለ እንጂ አዲስ አልመጣም። ቻርጅ የተደረገ ባትሪም እንዲሁ ለጊዜው 13 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ ትንሽ ሲሠራ ወዲያው ይወርዳል። በየጥቂት ሰከንዱ የሚሰጥና የሚቀበል ባትሪ ላይ ቴስተር አስገብቶ ይዘቱን ማወቅ አይቻልም። የሚቆጠረው አምፔርና ሰዓቱ ነው።

ስለ ሹል ቮልቴጁ ባጭሩ ልበል። የቧንቧ ውሃ በኃይል እየፈሰሰ ድንገት ሲዘጋ ቧንቧው «ዷ» ይላል። ሲሮጥ የነበረው ውሃ ነው የመታው። በሽቦና በጥቅልል ውስጥ የሚሄድ ከረንትም በድንገት ሲቆረጥ እንዲሁ ይመታል። የሪሌይ ጥቅልል ሲጠፋ መቶ ቮልትና ከዚያ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ለዚህ ነው ዳዮድ (ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) የምናደርግበት። ቮልቱ ትልቅ ነው፣ ጊዜው ግን ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያንሳል። የያዘውም ቀድሞ ከባትሪው የወጣውን ኃይል ነው። ተራ ቴስተር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ቁጥሩ ይዘባረቃል። በዚህ የተሳሳቱት የእኛ ልጆች ብቻ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ ጆሴፍ ኒውማን የተባለ ሰው በባትሪ የሚሠራ፣ ከሚበላው በላይ የሚሰጥ ማሽን ሠርቻለሁ ብሎ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ቢሮውን ፍርድ ቤት አቆመ። በፍርድ ቤት ትእዛዝ የአገሪቱ የመለኪያና ደረጃዎች ተቋም ማሽኑን ፈተሸው። እ.ኤ.አ. በ1986 ውጤቱ ወጣ፤ በተሞከረበት ሁኔታ ሁሉ የሚሰጠው ከሚበላው ያነሰ ነበር። ሰውየውን ማንም አልደበቀውም። ጋዜጣና ቴሌቪዥን ላይ ወጥቷል፣ ማሽኑም በመንግሥት ላቦራቶሪ ተለክቷል።

ቴስላን በተመለከተ ጸሐፊው የተነገራቸውን ነው የደገሙት። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1943 ኒውዮርክ ውስጥ ሞተ። ይህ የአራት ባትሪ ሰርኪዩት በስሙ መጠራት የጀመረው ከሞተ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ጆን ቤዲኒና ሮናልድ ብራንት በሚባሉ አሜሪካውያን ዙሪያ ነው። በቴስላ ፓተንቶች ውስጥ የለም። ወረቀቶቹ ጠፍተዋል የሚባለውም ስህተት ነው። ከሞተ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ወሰዳቸው፣ ጆን ትራምፕ የተባለ የኤምአይቲ (የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ) መሐንዲስ መረመራቸው፣ በኋላ ወደ ቤልግሬድ ተላኩ። ዛሬ እዚያ በስሙ በተቋቋመው ሙዚየም ውስጥ ናቸው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2003 «የዓለም ትውስታ» በሚባለው የሰነዶች መዝገብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። እኔ ቴስላን እወደዋለሁ። ከግድቦቻችን ተነስቶ ቤታችን የሚገባው ተለዋዋጭ ከረንት፣ ወፍጮ ቤት የሚያዞረው ሞተር፣ የእሱ እጅ አለበት። ይሄ ሁሉ እያለለት ያልሠራውን ነገር በስሙ መለጠፍ ለእሱም ክብር አይሆንም።

የነዳጅ ነጋዴዎች ጉዳይ ብዙ አያቆየኝም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው የሚመጣው፤ ከነዳጅ አይደለም። ወደ ላይም ቀና እንበል። በምድር ዙሪያ የሚዞር ሳተላይት እያንዳንዱ ግራም ክብደት ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል። ባትሪ እያቀያየሩ ዘላለም መኖር ቢቻል ኖሮ ያን የሚያህል የሶላር ክንፍ ተሸክሞ የሚወጣ አይኖርም ነበር።

አሁን ጽሑፉ ፈጽሞ ያልነካው ነገር አለ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው። ስድስት ሪሌይ ይዛችሁ ሲሪየስና ፓራለል ስታቀያይሩ፣ አንዱ ሪሌይ ሳይለቅ ሌላው ከያዘ የባትሪው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ በቀጥታ ይገናኛሉ። ሾርት ነው። የመኪና ባትሪ በሾርት ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይተፋል።

ይሄን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ልጅ እያለሁ እኔም ይህንኑ ሰርኪዩት ሠርቼዋለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ የፍሬቻ አምፖል አስቀመጥኩ፣ ሪሌዮቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ፣ አምፖሉ ቢጫ ሆኖ በርቷል። ደስ ብሎኝ አያለሁ። ከዚያ አንዱ ቀጭታ ቀረ። የሪሌዩ ነጥቦች ተበይደው ተጣብቀዋል። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ። ቀጥሎ ቀዩ ሽቦ ልብሱ እንደ ሰም ቀለጠ፣ ውስጡ ያለው መዳብ ፍም መሰለ። ጠረጴዛው ላይ እንደ እባብ የሚመስል ጥቁር መስመር ቀረ። ሽቦውን በፒንሳ በጥሼ ነው ያስቆምኩት። ፊውዝ አልነበረኝም። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል። ያን ቀን መስኮቱ ክፍት ነበር። ባትሪው ቢፈነዳ አሲዱ ፊቴ ላይ ነበር የሚያርፈው።

ስለዚህ ማንኛውንም የባትሪ ሰርኪዩት የምትሞክሩ ሁሉ፣ እባካችሁ። በእያንዳንዱ ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ አድርጉ። መነጽር አድርጉ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ክፍሉ አየር ይኑረው። አሲድ ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ከሩብ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ አጥቡና ወደ ሐኪም ሩጡ። ሰርኪዩቱ ደግሞ አንዱን ሳይለቅ ሌላውን የማይዝ ይሁን፤ በመሃል አጭር ባዶ ጊዜ ስጡት።

ባትሪ ማቀያየር ራሱ ከንቱ ሥራ ነው ማለቴ አይደለም። የድሮ የጭነት መኪናዎች ላይ 12 ቮልቱን ለማስነሻ ሞተር ብቻ ወደ 24 የሚለውጥ ማብሪያ ነበር። ዛሬ የጂኤምሲ ሀመር ኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ሲደረግ ባትሪውን ከ400 ወደ 800 ቮልት በሲሪየስ ያስተሳስረዋል፣ ቶሎ እንዲሞላ። ያ ሁሉ ማቀያየር ኃይል አይጨምርም። ቮልቱን ለሥራው እንዲመች ያደርገዋል። የጎረቤቴ ልጅ ሊማረው የፈለገው ጥበብ እውነተኛ ጥበብ ነው፤ የተነገረው ዓላማ ነው የተሳሳተው።

እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ምን ይጎድላል? ባትሪው ሲደክም በጊዜ የሚቆርጥ ሰርኪዩት ይጎድላል። ወደ እኔ የሚመጡት የሶላርና የዩፒኤስ ባትሪዎች አብዛኞቹ የሞቱት እስከ መጨረሻው ጠብታ ተመጥጠው፣ ከዚያም ባዶአቸውን ቆይተው ነው። 11.8 ቮልት ላይ አምፖሉን የሚያጠፋ፣ 12.6 ሲደርስ መልሶ የሚያበራ አንድ ሪሌይና ጥቂት ዕቃ የባትሪን ዕድሜ በብዙ ያራዝማል። መብራት ሲሄድ ወደ ባትሪ፣ ሲመጣ ወደ መስመር በራሱ የሚዞር ማብሪያም እንዲሁ። ኃይል ከየት ይምጣ ለሚለው ደግሞ ፀሐይ አለችን። ባለ 50 ዋት ፓኔል በደህና ቀን ኪሳራው ተቀንሶ 200 ዋት-ሰዓት ገደማ ያስገባል። ያ የጸሐፊውን ባለ 5 ዋት አምፖል 40 ሰዓት ያበራዋል፣ በአንድ ቀን ፀሐይ። ለስድስት ሪሌይ፣ ለሽቦና ለጎን ባትሪ የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ቢውል ይሻላል።

ለልጁ «አትሞክረው» አላልኩትም። እንዴት እንደሚፈተሽ ነው የተነጋገርነው፤ ጸሐፊውም እንዲሁ ቢፈትሹት እወዳለሁ። የልጁ አራት ባትሪዎች በድምሩ 28 አምፔር-ሰዓት ናቸው። 5 ዋት አምፖል ትቶ ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ይያዝ፤ 1.75 አምፔር ይስባል። በወረቀት 16 ሰዓት ነው፣ በተግባር ከዚያ ያንሳል። መጀመሪያ አራቱን በፓራለል አስሮ፣ አምፖሉን ቀጥታ ሰክቶ፣ ባትሪው 11.5 ቮልት እስኪደርስ ሰዓቱን ይያዝ። አምፖሉ ላይ ዋት-ሰዓት የሚቆጥር ትንሽ ሜትር ያድርግ። ከዚያ በዚያው ቻርጀር እስኪሞሉ ቻርጅ አድርጎ ያሳድራቸው። ቀጥሎ በሪሌዩ ይሞክር፣ በዚያው አምፖል፣ በዚያው ሜትር፣ ከአራቱ አንዱ 11.5 እስኪነካ። የጎን ባትሪ የለም፤ ሪሌዮቹ የሚበሉትን ከእነዚያው ከአራቱ ይብሉ። አምፖሉ በሪሌዩ 48 ሰዓት እንደ መጀመሪያው ደምቆ ከበራ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ይህንኑ ቁጥሩን ዘርዝሬ እዚሁ እጽፋለሁ።

ልጁ ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሯል። አንዱ «ያለ ሪሌይ»፣ ሌላው «በሪሌይ» ይላል። አራት ፊውዝ ገዝቷል። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ቤት፣ መስኮት ከፍተን እንጀምራለን።